እማዬ የምታዞረው ሬዲዮ

ስለ አንድ የ34 ዶላር ሬዲዮ ልጽፍላችሁ ነው። ባትሪው በእጅ እየዞረ የሚሞላ፣ ቀይ፣ ከግማሽ ኪሎ የማይበልጥ ዕቃ ነው። ከገዛሁት ዓመት አልፎታል። ስለዚህ የምነግራችሁ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ቤቴ ውስጥ ያየሁትን ነው። የኩባንያውን ስም አልጠራም። ያው አንድ ዓይነት ሬዲዮ በብዙ ስም ይሸጣል። ዋናው ነገር ምን ምን ሊኖረው እንደሚገባ ማወቁ ነው።

መጀመሪያ የት እንደምኖር ልንገራችሁ። አለበለዚያ ሬዲዮው ለምን እንዳስፈለገኝ አይገባም። የምኖረው በምዕራብ ኖርዝ ካሮላይና፣ ከአሽቪል በስተምሥራቅ ባለችው ስዋናኖዋ ነው። ተራራ አገር ነው። ባህሩ ከእኛ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ፍሎሪዳ ያሉ ዘመዶቼ ሃሪኬን፣ ያ ከባህር የሚነሳው ትልቅ አውሎ ነፋስ፣ መጣ በተባለ ቁጥር መስኮታቸውን በጣውላ ይመታሉ፤ ልጆቻቸውን ጭነው ይሄዳሉ። እኔ እደውልና «አይዟችሁ» እላለሁ። እኛ ጋ ይመጣል ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

ሄሊን የተባለችው ሃሪኬን የመጣችው በመስቀል ነው። ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 26፣ 2024 የደመራ ዕለት ነበር። እማዬ ግቢው ውስጥ ትንሽ ችቦ ለመለኮስ አስባ፣ ዝናቡ እምቢ አላት። ከረቡዕ ጀምሮ ሲዘንብ ነበር። ያ ዝናብ ገና ሄሊን እንኳ አልነበረም፤ ከፊቷ የቀደመ ነው። መሬቱ ጠግቦ ጠግቦ፣ ስንራመድ ጫማችን ይሰምጥ ነበር። በዚያው ሌሊት አምስት ሰዓት ገደማ ሄሊን ፍሎሪዳ ገባች። ደረጃዋ 4 ነበር። እኛ ጋ ስትደርስ አርብ ጎሕ ሲቀድ ነው። ነፋሷ በጣም ደክሞ፣ ሃሪኬን መባሏ ቀርቶ ነበር። ዝናቧ ግን አልደከመም።

ይህን በደንብ ማስረዳት እፈልጋለሁ። እኔም ያላወቅኩት ይህንን ነውና። ደረጃ 1፣ ደረጃ 4 እየተባለ የሚነገረው የነፋሱ ፍጥነት ነው። ስለ ውኃው ምንም አይነግራችሁም። ከባህር የመጣው እርጥብ አየር ተራራ ሲያገኝ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ሁሉ ይጥላል። የወደቀው ውኃ ደግሞ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ቢሆን ይበተናል፤ እኛ ጋ መሄጃ የለውም፣ ከፍ ይላል። ስዋናኖዋ ወንዝ አሽቪል ውስጥ ቢልትሞር በሚባለው ሰፈር ላይ ወደ 8 ሜትር ደረሰ። በ1916 ደርሶበት የነበረውን የድሮ ክብረ ወሰን ሰበረ። በአሜሪካ ከ2013 እስከ 2022 እንዲህ ባሉ አውሎ ነፋሶች በቀጥታ ከሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የገደለው የዝናብ ጎርፍ ነው። በሄሊን ኖርዝ ካሮላይና ብቻ ከመቶ በላይ ሰው ሞቷል።

ማስጠንቀቂያ አልነበረም እንዳልል፣ ነበረ። የአየር ሁኔታ አገልግሎቱ ሰዎች ሐሙስ ዕለት ከ1916ቱ ጎርፍ ጋር እያነጻጸሩ ተናግረዋል። እኔ ግን የማታ ሥራ ላይ ነበርኩ። ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው። ደክሞኝ ገባሁ። ስልኬ ሲጮህ ድምፁን አጥፍቼ ተኛሁ። ያን ሳስበው እስከ ዛሬ ሆዴ ይላወሳል። ጎን ላይ እናቴ፣ ማዶ ክፍል የ9 ዓመት ልጄ ተኝተው ነበር። ቤታችን ምድር ቤት ነው።

ያዳኑን ከላይ ዳገቱ ላይ ያሉት ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው። ገና ሳይነጋ በራችንን ደበደቡ። በሩን ስከፍት ውኃው የመኪናዬ ጎማ ጋ ደርሷል። ልጄን በአንድ እጄ፣ እማዬን በሌላው ይዤ ወጣሁ። እማዬ ነጠላዋን ብቻ ነው የያዘችው። የደም ግፊት መድኃኒቷ፣ ፓስፖርታችን፣ ግሪን ካርዷ፣ ሁሉም ቀረ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ውኃው መስኮታችንን አልፎ ነበር።

ሽማግሌው ቤት አራት ሌሊት አደርን። መብራት የለም። ውኃ የለም። ስልክ የለም፤ አንዲት መስመር እንኳ ሲግናል የለም። እዚያ ነው ሬዲዮውን ያየሁት። በረንዳቸው ላይ፣ ወንበር ላይ አስቀምጠው እጀታውን ያዞሩታል። ከዚያም ከፍ አድርገው ይከፍቱታል። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ይቆማል። ሃያ ሰው ያህል ቆሞ አንድ ትንሽ ሬዲዮ ሲያዳምጥ አስቡት። በ88.1 ብሉ ሪጅ ፐብሊክ ሬዲዮ የካውንቲውን፣ ማለትም የወረዳችንን አስተዳደር፣ መግለጫ ያስተላልፋል፤ ውኃ የት እንደሚታደል፣ የትኛው ትምህርት ቤት መጠለያ እንደሆነ። በ570 ኤ ኤም ደግሞ ሰው እየደወለ «እናቴ እንዲህ ሰፈር ነች፣ ያያት ሰው አለ?» ይላል። የምዕራብ ኖርዝ ካሮላይና መንገድ ሁሉ እንደተዘጋ ቁጠሩት የተባለውንም የሰማነው በዚያች ሬዲዮ ነው። አይ-40 የሚባለው አውራ ጎዳና በቴኔሲ በኩል በወንዝ ተበልቷል። የአሽቪል ቧንቧ ውኃ ለመጠጥ ይሆናል የተባለው ኖቬምበር 18 ነው። 53 ቀን ማለት ነው።

እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም። ግን ሬዲዮው ሲከፈት ከእኔ ቀድማ ነበር በረንዳ የምትወጣው። ደሴ ሳለን አባቴ ትልቅ ሬዲዮ ነበረው። በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ቁምሳጥን ላይ ይቀመጥ ነበር። «ሬዲዮ ያለበት ቤት ሰው አለበት» ትላለች። ሻርሎት የአክስቴ ልጅ ጋ ከገባን በኋላ መጀመሪያ የገዛሁት ነገር ይህ ሬዲዮ ነው። ከብርድ ልብስ በፊት።

አሁን ወደ ዕቃው ልግባ።

ድምፁ ከመጠኑ በላይ ነው። ሳሎን አስቀምጬ ጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ። ኤፍ ኤም ጥርት ብሎ ይገባል። ኤ ኤም ቀን ደህና ነው፤ ማታ ይንሾካሾካል። ከሁሉ በላይ የምፈልገው ግን ሦስተኛው መስመር ነው፣ የአየር ሁኔታ ባንዱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት 24 ሰዓት የሚያሰራጭባቸው ሰባት ሞገዶች አሉ፤ ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርዝ። ተራ ኤፍ ኤም ሬዲዮ አይዛቸውም። ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ይሁን። እሱ ከሌለው ሙዚቃ መስሚያ ነው፣ አትግዙት። ተራራ መሐል ስለሆንን ከሰባቱ እኛ ጋ በደንብ የሚገባው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም መስኮት ጋ ሲሆን። ሥፍራውን አንዴ ፈልጌ በእርሳስ ግድግዳው ላይ ምልክት አደረግኩ።

እጀታውን በሰዓት ለካሁት። ሁለት ደቂቃ ደህና አድርጌ ሳዞረው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ አሥር ደቂቃ ግድም ይሠራል። ለዜና ይበቃል። ስልክ ይሞላል የሚባለውን ግን አትመኑ። ሩብ ሰዓት አዞርኩና ክንዴ ዝሎ፣ ስልኬ አንድ ፐርሰንት ጨመረ። አንድ አጭር ጥሪ ለማድረግ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅም። ላዩ ላይ ያለችው የፀሐይ ሰሌዳም ትንሽ ናት። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ አስቀምጬው ባትሪው እንዳይወርድ ትይዘዋለች እንጂ ባዶውን አትሞላም። በዚህ ምክንያት ሦስት ትንንሽ ባትሪ የሚወስድ መሆኑን እወድለታለሁ። ባትሪዎቹን ግን ውስጡ አልተዋቸውም፤ ከቆዩ ፈሳሻቸው ይወጣል። በፕላስቲክ አድርጌ በላስቲክ ጀርባው ላይ አስሬያቸዋለሁ። የእጅ ባትሪውም መንገድ ለማየት ይበቃል።

ትልቁ ጉድለቱ እጀታው ነው። የመጀመሪያው በሦስተኛ ሳምንቱ ማጠፊያው ላይ ተሰበረ። ሱቁ ያለ ጭቅጭቅ ለወጠልኝ። ሁለተኛው እስካሁን አለ፤ አያያዙን ስለቀየርን ይመስለኛል። በአየር ላይ ይዞ ማዞር ማጠፊያውን ያጣምመዋል። ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ፣ በግራ እጅ ጫን ብሎ፣ በቀኝ በዝግታ ማዞር ነው። እማዬ እንደዚያ ነው የምታደርገው። ማለዳ ጸሎቷን ጨርሳ፣ ቡና ከመጣዷ በፊት ሁለት ደቂቃ ታዞረዋለች። የተሰበረውን ያየሁ ቀን ተናድጄ ነበር። አሁን ሳየው ግን የ34 ዶላር ዕቃ ነው፤ አያያዙን ማወቅ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ይህ ሬዲዮ አይችልም። ተኝታችሁ ሳለ አያነቃችሁም። ማለቴ፣ የማንቂያ ቁልፍ አለው፤ ከተከፈተ ግን ባትሪውን ይጨርሳል። ደግሞ ማሰራጫው የሚሸፍነውን የካውንቲ ሁሉ ማንቂያ ይጮኻል። በየሌሊቱ የሩቅ ሰፈር ማንቂያ የሚሰማ ሰው በሳምንቱ ያጠፋዋል። እኔ ስልኬን ያጠፋሁት እንደዚያ ሆኖ ነው። ስለዚህ ከሦስት ወር በኋላ ሁለተኛ ገዛሁ። ይኼኛው አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካ፣ መብራት ሲጠፋ ወደ ባትሪ የሚዞር ነው። የካውንቲ ኮድ ይቀበላል። ስድስት አሃዝ ነው። የእኛ የባንኮም ካውንቲ 037021 ነው። መጀመሪያ ያለው 0 መላው ካውንቲ ማለት ነው፣ 37 ኖርዝ ካሮላይና፣ 021 ባንኮም። ያንን ካስገባሁ በኋላ ለእኛ ካልሆነ አይጮህም። ሲጮህ ግን የሞተ ይቀሰቅሳል። ሁለቱን አንድ ላይ ያዙ እላለሁ፤ አንዱ ያነቃችኋል፣ ሌላው አብሯችሁ ይሄዳል።

በየሳምንቱ ረቡዕ ረፋዱ ላይ የሙከራ ድምፅ አለ። እማዬ የጾም ቀኗ ስለሆነ አትረሳውም። ካልጮኸ «ዛሬ ሬዲዮሽ ዝም ብሏል፣ እዪው» ትለኛለች። ቋንቋው ግን አሁንም ችግር ነው። የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ማታ ቤት የለሁም። ስለዚህ ሁለት ቃል ብቻ አስተማርኳት፦ «ዋች» እና «ዋርኒንግ»። ዋች ማለት ሊመጣ ይችላል ነው፤ ዋርኒንግ ማለት መጥቷል ወይም በር ላይ ነው። እሷ በራሷ መንገድ ያዘችው፦ «ዋች ሰማዩ ሲጠቁር ነው፤ ዋርኒንግ የተሰጣውን አንሺ ሲሉ ነው።» ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁም። ዋች ሲል ለእኔ ትደውላለች። «ፍላሽ ፍለድ ዋርኒንግ»፣ የድንገተኛ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ፣ ሲል ጫማዋን አድርጋ ልጁን ይዛ ወደ ዳገቱ ትወጣለች። እኔን አትጠብቅም። ይህን ለማሳመን ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። «አንቺን ትቼ?» እያለች። ሽማግሌው ጎረቤታችን እጃቸውን አገናኝተው በምልክት ለመኗት፤ ያን ጊዜ እሺ አለች።

አሁን የምለው ከሬዲዮው ያልፋል፣ ግን ሬዲዮውን ብቻውን ገዝታችሁ እንድትቀመጡ አልፈልግም። በባህር ጠረፍ ያሉ ካውንቲዎች የመልቀቂያ ዞን አላቸው። ሰው ፊደሉን ያውቃል፤ «ዞን ኤ ልቀቁ» ሲባል ይነሳል። እኛ ተራራ ያለን ሰዎች ፊደል የለንም። የመንገዱም ነገር ሌላ ነው። እነሱ ከባህሩ ርቀው መንዳት ነው ያለባቸው፤ እኛ ከወንዙ ከፍ ማለት ነው ያለብን። አንዳንዴ መዳን ሃያ ሜትር ዳገት ላይ ናት።

ቤት ስንፈልግ ወንዝ ዳር አልተመለስንም። ፌማ የሚባለው የፌደራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ያወጣውን የጎርፍ ካርታ በአድራሻ ፈልጌ ነው ያሁኑን የተከራየሁት። በነጻ ነው የሚታየው። ዳገቱ ሥር ነው ቤታችን፣ ከሽማግሌው ቤት በታች። መሸሻችን አሁንም የእሳቸው ግቢ ነው። አንድ ቅዳሜ ሰዓት ይዘን ተጓዝነው። እኔና ልጄ ብቻችንን ስድስት ደቂቃ። ከእማዬ ጋ አሥራ አንድ ደቂቃ፤ መሐል ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አረፈች። እቅዳችን የተሠራው በአሥራ አንዱ ነው። ሌሊት በእጅ ባትሪ ስንሞክረው ደግሞ አሥራ አራት ሆነ። እናንተም ቤታችሁ ያለውን ደካማ ሰው እርምጃ ለኩ።

በመኪና የምንወጣ ከሆነ በዋች ነው፤ በዋርኒንግ ጊዜ አንነዳም። በአይ-26 ወደ ስፓርታንበርግ፣ ከዚያ በአይ-85 ሻርሎት። ቀን ሳለ፣ ዝናቡ ሳይከብድ። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ ውኃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ማታ ጥልቀቱ አይታይም፣ ሥር ያለው አስፋልት ይኑር አይኑርም አይታወቅም። ወንዙ የት እንደደረሰ የምናየው ደግሞ «ፊማን» በሚባለው የኖርዝ ካሮላይና ድረ ገጽ ነው። በወንዞቹ ላይ የተተከሉ መለኪያዎች ቁጥር እዚያ ይወጣል። ዝናብ ሲበዛ ልጄ እየከፈተ ያነብልናል። ወንዙ ሲጨምር ሲያይ ፊቱ ይለዋወጣል፤ ያኔ ዘግቼ አቅፈዋለሁ።

ቦርሳችን በሩ ኋላ ተሰቅሏል። ሰነዶቹ በዚፕ ፕላስቲክ ውስጥ ናቸው። የእማዬ መድኃኒት ለሁለት ሳምንት፤ በየወሩ መጀመሪያ በአዲስ እቀይረዋለሁ። 200 ዶላር በአምስትና በአሥር ዝርዝር፤ መብራት ሲጠፋ ካርድ አይሠራም፣ ያኔ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ ብቻ ነበር። የመኪናው ነዳጅ በሃሪኬኑ ወቅት፣ ከጁን እስከ ኖቬምበር፣ ከግማሽ አይወርድም። ስንቁን እማዬ ይዛዋለች። ቆሎና በሶ አዘጋጅታለች። በሶ እሳት አይፈልግም፣ ትንሽ ውኃና እጅ ይበቃዋል። ልጄ የታሸገ ብስኩት ይሻላል ቢልም እሷ ከቦርሳው አውጥታ በሶውን መልሳለች።

የኢንሹራንሱንም ልንገራችሁ፣ እኔን ቆጭቶኛልና። የተለመደው የቤትም ሆነ የኪራይ ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም። ለብቻው ይገዛል። በፌደራሉ ፕሮግራም በኩል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከገዛችሁ 30 ቀን ሳይሞላው አይጀምርም። ደመናው ሲታይ መግዛት አይረዳም። ተከራይም ለዕቃው መግዛት ይችላል፤ ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ለሬዲዮው ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለእጀታው ነው። የአልጋ አጠገቡ ከአምስት አምስት ያገኛል፤ ግን ኮዱን የሚያስገባላችሁ ሰው ፈልጉ፣ ቁልፎቹ ለትልቅ ሰው ያስቸግራሉ። እኔ ለሦስት አበሻ ቤተሰብ ገብቼ ሞልቻለሁ፤ አንዱ ቤት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የምትኖሩት ሌላ ካውንቲ ከሆነ የእናንተ ኮድ ሌላ ነው፤ የእኛን እንዳትጽፉ።

ዋና ጌጡን ልረሳ ነበር። እማዬ ለቀዩ ሬዲዮ ከአሮጌ ቀሚሷ ጥበብ ቆርጣ ልብስ ሰፍታለታለች። እጀታው የሚወጣበት ቀዳዳ አለው፣ ዳር ዳሩ በመርፌ ተዘምዝሟል። ቁምሳጥን ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ።